የአባቴ አራስ ቤት

አባቴ አራስ ቤት የገባው እኔ ሰባት ዓመት ሲሆነኝ ነው። ይህን የነገርሁት ሰው ሁሉ ይስቃል፤ ይሳቅ። እኔ የምናገረው በዓይኔ ያየሁትን ነው። መጋረጃው ተጋርዶለታል፣ ገንፎው ተገንፍቶለታል፣ ትራሱ ሥር ቢላዋ ተደርጎለታል፣ አርባ ቀንም ተቆጥሮለታል። የጎደለው ሕፃኑ ብቻ ነበር። የሕፃኑንም ነገር ቢሆን እኔ እስከ መጨረሻው ተስፋ አልቆረጥሁም።

ዘመኑ የንጉሡ ግቢ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ የወጣበት ሰሞን ነው። መኳንንቱ ሲሄዱ ሠራዊቱም፣ ጠጁም፣ ወሬውም ተከትሏቸው ሄደ። ለአንኮበር የቀሩላት ቁልቁለቷ፣ ጭጋጓና ገናዋ ናቸው። ከሦስቱ የምትኮራበት አንዱ ብቻ ስለሆነ ገናዋን አጥብቃ ያዘች። ጨዋታው ከወይራ ሥር ተጠርቦ የተድበለበለ እሩር በቆልማማ ዱላ እየመቱ ከባላንጣ ድንበር ማሳለፍ ነው። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ተብሏልና ቅልጥሙን የተመታ ሁሉ እያነከሰ ይስቃል እንጂ ዳኛ ፊት አይቆምም።

አባቴ ወልደተንሣኤ ኮርቻ ሰፊ ነው፤ የላይ ሰፈር የገና አለቃም ነበር። የታች ሰፈሩ አለቃ ዘርአ ዳዊት ይባላል፤ እንደ ጥድ የተመዘዘ፣ ድቁና ጀምሮ ያቋረጠ ገበሬ። ከዱላው ይልቅ የሚፈራው አፉ ነው። ዱላው ያሳበጠው በሳምንት ይጎድላል፤ ግጥሙ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

የዚያን ዓመት ገና ከእናቴ ከቦሰና ጋር ከሜዳው ዳር ቋጥኝ ላይ ተቀምጠን ነበር። ዘርአ ዳዊት እሩሩን ከመሬት አንሥቶ ሲመታው አየሁ። ወዲያው «ቷ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ከድንጋይ የተጋጨ መሰለኝ። የአባቴ ጆሮ ግንድ ነው።

አባቴ ወደቀ። ከዚያ ብድግ አለ፣ አቧራውን አራገፈ፣ ሳቀ። ሜዳው ሁሉ «ወንድ!» አለ።

እሩሩ ከእግሩ ሥር ነበር። እየነዳ ሮጠ። እንደዚያ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። የታች ሰፈሮች መንገድ ለቀቁለት፤ የላይ ሰፈሮች «ኧረ ወዴት! ኧረ ወዴት ነው አያ ወልደተንሣኤ!» እያሉ ከኋላው ይጮኻሉ። እሱ ምን ተዳው፣ እሩሩን ከገዛ ሰፈሩ ድንበር አሳልፎ አገባና ዱላውን ወደ ሰማይ ወረወረ።

እኔ በሳቅ ፈረስሁ። እቤት ውስጥ ኮርቻ በራሱ ጀርባ ላይ ጭኖ እያሽካካ የሚያስቀኝ አባቴ፣ ዛሬ ደግሞ አገሩን ሁሉ ሊያስቅ የተነሣ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ያልሳቀች አንዲት ሰው ነበረች። አጠገቤ ተቀምጣ ነጠላዋን በጥርሷ ይዛ ነበር።

ዘርአ ዳዊት ወዲያው ግጥሙን ሰጠ፦

የላይ ሰፈር ሰዎች ምነው ዝም አላችሁ፣
እሩሩን አገባው ጀግናው ከቤታችሁ።

የታች ሰፈር እየተቀባበለ ሲያወርደው እናቴ ከቋጥኙ ወርዳ ሜዳው መካከል ገባች። ሴት በገና ሜዳ ስትገባ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ምን ሆኑ?» አለችው።

«አሸነፍን ወይ?»

«ተሸንፋችኋል።»

«እህ» አለ አባቴ። ሦስት እርምጃ ሄድንና፣ «ቦሰና፣ አሸነፍን ወይ?»

እቤት እስክንደርስ አሥራ ሁለት ጊዜ ጠየቀ። እኔ አዲስ ጨዋታ ያመጣልኝ መስሎኝ እናቴን ቀድሜ እመልስለት ጀመር። አንድ ጊዜ «አሸንፋችኋል» አልሁት፤ አንድ ጊዜ «ተሸንፋችኋል»፤ አንድ ጊዜ ደግሞ «እሩሩን ጅብ በላው»። ሁሉንም እኩል አመነኝ። እንዲህ ያለ ጥሩ ተጫዋች ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም።

ከቤት እንደገባ አስመለሰው። በበሩ የሚገባው ብርሃን ዓይኑን እንደ ሚጥሚጣ እንደሚያቃጥለው ተናግሮ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ጎረቤት ተሰበሰበና የሚያውቀውን ሁሉ አወቀ። አንዱ ቡዳ ነው አለ። አንዱ ያልጠጣውን ጠጅ አሳበበ። አንዱ ዋግምት ይታገም አለ። ከበሩ ኋላ የቆመው ደግሞ፣ ቀስ ብሎ፣ የታች ሰፈር ጉቦ ነው አለ። እናቴ ሁሉንም አመስግና ሸኘችና ወደ አሊዩ አምባ ሰው ሰደደች።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ወጌሻው ሐጂ ኑሩ በበቅሎ ደረሱ። በቆላው የተሰበረ እግር፣ የወለቀ ትከሻ ሁሉ በእሳቸው እጅ ያለፈ ነው። የእኛን ቤት ምግብ እንደማይበሉ፣ እኛም የሳቸውን እንደማንበላ ሁለቱም ወገን ስለሚያውቅ፣ ቆሏቸውንና የውሃ ቅላቸውን ይዘው መጡ፤ እናቴም እንደ ደንቡ ብሉ ብላ ለመነቻቸው፣ እሳቸውም እንደ ደንቡ ጠገብሁ አሉ።

«ቢስሚላህ» ብለው የአባቴን ራስ በጣታቸው ዳሰሱ። ዓይኑን ገልጠው አዩ። ከዚያ፣ «ወልደተንሣኤ፣ ወሮቹን ከሰኔ ጀምረህ ወደ ኋላ ቁጠርልኝ» አሉት።

«እኔ የፊደል ልጅ ነኝ እንዴ?»

«እሺ፣ እኔ ሽማግሌው ረስቻቸው ነው። ቁጠርልኝ።»

«ሰኔ። ግንቦት። ሚያዝያ። … ሚያዝያ። … ሰኔ።»

«መጋቢት!» አልሁ እኔ ከመጋረጃው ኋላ። «የካቲት! ጥር!»

«አንቺ ደኅና ነሽ ልጄ» አሉ ሐጂ። «አንቺን ማንም አልመታሽም።»

ከዚያ እናቴን ወደ ደጅ ይዘዋት ወጡ። ጆሮዬን ከጭቃው ግድግዳ ስንጥቅ ላይ አደረግሁ። ግማሹን ነፋሱ ወሰደው፤ ግማሹን እኔ ያዝሁ።

«…ቅል አይተሽ የለ? ቅሉ ሳይሰበር ውስጡ ያለው እርጎ ይናጣል። የሰው ራስም እንዲሁ ነው። አጥንቱ ደኅና ነው፤ ውስጡ ነው የተናጠው። እስኪረጋ አይነካም። … እንደ አራስ ይያዝ፣ ቦሰና ልጄ። ልክ እንደ አራስ። ሰባት ቀን ጨለማ። ፀሐይ አይየው፣ ከበሮ አይስማ፣ ወስፌ አይያዝ፣ ጠላ አይቅመስ። ከዚያ ደጅ፣ ጥላ ሥር ይቀመጥ። ከዚያ እስከ ምንጩ በእግሩ ይሂድ። ከዚያ ወስፌውን ስጪው። ፈረስ የሁሉ መጨረሻ ነው። በመካከሉ ራሱን ካመመው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መልሺው። … አርባ ቀን። ኢንሻአላህ ይድናል። ግን አርባው ሳይሞላ ሁለተኛ ከተመታ…»

የቀረውን ነፋሱ ወሰደው። እኔም አልፈለግሁትም፤ የምፈልገውን ሰምቻለሁ። አራስ። አርባ ቀን። ክርስትና ለሴት በሰማንያ፣ ለወንድ በአርባ ቀን መሆኑን በእኛ ቤት የማያውቅ ድመታችን ብቻ ነው። እንግዲያው የሚመጣው ወንድ ነው!

ይህን ለማመን የራሴ ምክንያት ነበረኝ። እናቴ ሁለት ጊዜ አራስ ሆና ሁለቱም ወንድሞቼ ሳይከርሙ ሄደዋል። እሷ ሁለቴ ሞክራ ስላልሆነላት ተራው የአባዬ ደርሷል ብዬ አሰብሁ። ፍትሐዊ ነገር ሆኖ ታየኝ።

ሃያ ዓመት ቆይቶ ሐጂ ኑሩን በአሊዩ አምባ ገበያ አግኝቻቸው ነበር፤ ዓይናቸው ፈዝዞ፣ ምላሳቸው ግን እንደ ምላጭ ነበር። «ለምን አራስ አሉት፣ ዝም ብለው ዕረፍ አይሉትም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ወላሂ ሞክሬ አውቃለሁ» አሉኝ። «የናንተን አገር ወንድ ዕረፍ ስትይው ሰደብሽኝ ይላል። ሚስቱም፣ ጎረቤቱም አያሳርፉትም። በዚህ ተራራ ላይ ሥራ ሳይሠራ ቢተኛ የማይታማ ሰው ሁለት ነው፤ አራስና ሬሳ። ከሁለቱ መርጬለት ነው።»

እናቴ ትእዛዙን እንደ ቄስ ፈጸመች። ጓዳው ተጋረደ። አጥሚት ተሠራ። «ለማንም አትንገሪ፤ የታች ሰፈር ከሰማ አለቀልን» አለችኝ። የምሥራች እስኪደርስ የሚደበቅ መሆኑን ስለማውቅ አልተገረምሁም። በየቀኑ ወደ መጋረጃው እየሄድሁ የአባቴን ሆድ በዓይኔ እለካ ነበር። ከገንፎው ብዛት የተነሣ ተስፋ የሚሰጥ ነበር።

በስምንተኛው ቀን ወደ ምንጭ ወረድሁ። የዘርአ ዳዊትን ሚስት፣ በሰለችን፣ እንስራዋን ስትሞላ አገኘኋት።

«አባትሽ እንዴት ነው አስካለ? ከጠፋ ሰነበተ።»

ሰባት ቀን ይዤዋለሁ። ስምንተኛውን አልቻልሁም።

«አራስ ነው» አልኋት።

«ምን?»

«አራስ ቤት ነው። ሐጂ አርባ ቀን ብለውታል። አርባ ስለሆነ ወንድ ነው።»

በሰለች እንስራዋን አስቀመጠች። «ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ራሴ ነኝ ያወቅሁት። መጀመሪያ አስመለሰው፤ ብርሃን ጠላ፤ ከዚያ ያንኑ አንድ ነገር እየደጋገመ እየጠየቀ ያጫውተኝ ነበር። አሁን ጥላ ሥር ተቀምጦ አጥሚት ይጠጣል።»

«እናትሽስ?»

«ለማንም አትንገሪ ብላኛለች።»

«ደግ አደረግሽ» አለችኝ በሰለች፤ ከንፈሯን በነጠላዋ ሸፍና።

በማግስቱ የሰፈር ልጆች አዲስ ዘፈን ይዘው ዳገቱን ወጡ። እንዴት ያለ ደስ የሚል ዘፈን ነበር! ገንፎም አለበት፣ አባቴም አለበት። በአንድ ጊዜ ሸመደድሁትና እየሮጥሁ ቤት ገባሁ። አባቴ ከደጅ፣ ከዛፉ ጥላ ሥር ቁርበት ላይ ተጋድሟል። ፊቱ ቆሜ፣ እያጨበጨብሁ፣ የቻልሁትን ያህል ጮክ ብዬ ዘፈንሁለት፦

እልል በሉ ሴቶች ገንፎ አገንፉለት፣
የላይ ሰፈር ጎበዝ ምጡ ቀለለለት።

እልልታውንም ጨመርሁበት። ለወንድ የሚገባውን ሰባቱን በሙሉ።

አባቴ ጆሮውን በሁለት እጁ ያዘ። ጩኸቱ እንዳመመው ዛሬ ይገባኛል፤ ያን ጊዜ ግን ደስታ የበዛበት መሰለኝ። ቀስ ብሎ ተነሣና፣ «ቦሰና!» አለ። እናቴ እጇን እየጠረገች ወጣች።

«ጥምቀት መቼ ነው?»

«ከነገ ወዲያ።»

«ጉግስ እወጣለሁ።»

ጉግስ በፈረስ ላይ ሆነው የሚጋጠሙት ጨዋታ ነው። ሸሺና አባራሪ አለ፤ ዱላ ይወረወራል፣ በጋሻ ይመከታል፤ ያልተመከተው የሚያርፈው ጀርባ ወይም ራስ ላይ ነው።

«ሐጂ ያሉትን ረሱት?» አለች እናቴ። «ሁለተኛ ከተመቱ አይነሡም ብለዋል። ይቅርብዎ። በእመቤታችን ይቅርብዎ።»

«ሐጂ የሚኖሩት አሊዩ አምባ ነው። ከዚህ ሕዝብ ጋር የምኖረው እኔ ነኝ። ምጥ ያዘው የተባልሁት እኔ ነኝ!»

እናቴ አባቴን «አንተ» የምትለው ትዕግሥቷ ሲያልቅ ብቻ ነው። «እንግዲያው ሙት!» አለችው። «አንተ ሙት፤ ግጥሙን ለእኔና ለልጅህ ተውልን። እንደ ቅርስ እናስቀምጠዋለን።»

ከዚያ ወደ ጓዳ ገባች። ስታለቅስ ሰማኋት። ግጥሙን አሳስቼ የዘፈንሁት መስሎኝ ቀስ ብዬ ለራሴ ደገምሁት። ምንም ስሕተት አላገኘሁበትም።

የጥምቀት ጠዋት አባቴ ለምዱን ደርቦ ደጅ ወጣ፤ ዳማውን ፈረስ አስወጥቶ መጫን ጀመረ። እናቴ ከበሩ ምሰሶ ተደግፋ ቆማለች፤ መለመኑን ጨርሳለች። ከበሮው ከሩቅ ይሰማል። ከበሮው በተመታ ቁጥር አባቴ ዓይኑን ይጨፍናል። ያን ጊዜ ነው ዘርአ ዳዊት ብቻውን፣ በእግሩ፣ ዱላ እንኳ ሳይዝ ዳገቱን ወጥቶ ግቢያችን የገባው። በሰለች የገንፎ ድስት ተሸክማ ትከተለዋለች። እንግዲህ የአራስ ጠያቂ መጣ አልሁ በልቤ።

ዘርአ ዳዊት ፈረሱን አየ። እኔም ተከትዬ አየሁ። ኮርቻው ወደ ኋላ ዞሮ ተጭኗል። የአንኮበር አንደኛው ኮርቻ ሰፊ፣ በፈረሱ ጭራ በኩል መሆን የሚገባውን የኮርቻ መደገፊያ ወደ አንገቱ አዙሮ፣ ምንም ሳይመስለው ማሰሪያውን ያጠብቃል።

ያ ሰው የሕይወቱን ምርጥ ግጥም አንድ ክንድ ርቀት ላይ አግኝቷል። አፉን ከፈተ። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። ዘርአ ዳዊት አፉን መልሶ ዘጋው።

«ልትስቅ መጣህ?» አለ አባቴ።

«አይደለም ወልዴ። ዛሬ ጉግስ የለም።»

«ማን ከለከለ?»

«የታች ሰፈር ፈረስ አላወጣም። የኔ ፈረስ ያነክሳል።»

«የሌሎቹስ?»

«የሁሉም ያነክሳል። እኔ ነኝ እንዲያነክስ ያዘዝሁት።»

አባቴ ማሰሪያውን ይዞ ቀረ። ዘርአ ዳዊት ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ያን ሰው እንደዚያ ቀስ ብሎ ሲናገር አልሰማሁትም።

«ወንድሜን ገብረአብን ታስታውሰዋለህ። በገና ተመታ፤ ተነሥቶ ሳቀ፤ እኛም ወንድ አልነው። እቤት ሲገባ ያንኑ አንድ ነገር ደጋግሞ ይጠይቀኝ ነበር። በቅሎዋን አስገባህ ወይ? በቅሎዋን አስገባህ ወይ? እኔ እየሳቅሁ ገጠምሁበት። በጥምቀት ፈረስ ላይ ወጣ። ቀላል ዱላ ነው ያገኘው፤ ሕፃን የማይጥል። በቃሬዛ አወረድነው። የአንተን ስሰማ አስቀድሞ የደረሰኝ የአራሱ ወሬ ነው። ሰው የሚያስቀውን በሩጫ፣ የሚያስፈራውን በእርጋታ ነው የሚያወራው። እየደጋገመ ይጠይቅ እንደነበር በሰለች የነገረችኝ ትናንት ነው።»

«ታዲያ ልለምንህ ነው?» አለ አባቴ፤ ድምፁ ግን ላልቶ ነበር።

«አትለምነኝም፤ እኔ ነኝ የምለምንህ። አርባህን ጨርስ። ለቅበላ እንጋጠም። ያን ጊዜ በደኅና ራስህ ላይ ልምታህ።»

አባቴ ለረጅም ጊዜ ፈረሱን ተመለከተ። ከዚያ፣ «ኮርቻው ምን ሆኗል?» ብሎ ጠየቀ። ዘርአ ዳዊት ተነሥቶ ማሰሪያውን ፈታና ኮርቻውን አወረደው። «ምንም አልሆነም» አለው። «ዛሬ የሚሄድበት ስለሌለ ነው።»

አባቴ ራሱ ወደ ጥላው ተመለሰ። በሰለች ድስቷን ከፈተች። እናቴ ማንኪያ ልታመጣ ገብታ ለረጅም ጊዜ አልወጣችም።

አባቴ ሐጂ እንዳሉት ሁለት ጊዜ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እየተመለሰ አርባውን ቀን ጨረሰ። ወደ ምንጩ በሄደ ቀን ራሱን አመመውና ወደ ጥላው ተመለሰ፤ ወስፌ በያዘ ቀን ስፌቱ ደበዘዘበትና ሦስት ቀን ተወው። በመጨረሻው ቀን ሐጂ መጥተው ወሮቹን አስቆጠሩት። ከሰኔ ተነሥቶ መስከረም ደረሰ፤ አላቆመም፤ ጳጉሜን፣ ነሐሴን፣ ሐምሌን ጨምሮ ዓመቱን ዘጋ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ ሐጂ፤ እናቴም መሬት ሳመች። ሁሉም ሲስቅ እኔ ብቻ ማልቀስ ጀመርሁ።

«ምን ሆንሽ?»

«ወንድሜስ?»

ነገሩን ያን ጊዜ ነው አባቴ የሰማው። አርባ ቀን ሙሉ ልጅ ስጠብቅበት እንደነበር፣ ሆዱን ስለካ እንደነበር፣ እልልታው ከልቤ እንደነበር። እኔ የምቀጣ መስሎኝ ነበር። እሱ ሳቀ፤ ራሱን በእጁ ሳይዝ፣ ዓይኑን ሳይጨፍን፣ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። እናቴ የሳቁን ምክንያት ሳይሆን ግንባሩን ነበር የምታየው።

ቅበላ ደረሰ። ሁለቱም ሰፈር ፈረሱን አወጣ፤ የአንዱም ፈረስ አያነክስም። አባቴ በዳማው ላይ ሲወጣ ሜዳው አጨበጨበ። አንድ ጊዜ ጋለበ፣ ዱላ ወረወረ፣ መከተ። ሁለተኛ ጋለበ። በሦስተኛው መካከል ልጓሙን ሳበና ቆመ። ዘርአ ዳዊት ከኋላው ዱላውን አንሥቶ ነበር፤ እጁ አየር ላይ ቀረ።

አባቴ ከፈረሱ ወረደ። በሰው ሁሉ ፊት፣ ፈረሱን እየሳበ፣ ሴቶቹ ወደተቀመጡበት መጣና ከእናቴ አጠገብ ተቀመጠ። «ትንሽ ያዞረኛል» አላት። «ዛሬ ይብቃኝ። ለፋሲካ።»

ከላይ ሰፈር አንድ ጎረምሳ፣ ትናንት ጢሙ የበቀለ፣ ከፈረሱ ላይ ሆኖ ጮኸ፦ «ምነው አያ ወልደተንሣኤ፣ ፈሩ እንዴ?»

«አዎን» አለ አባቴ።

በአንኮበር፣ በጠራራ ቀን፣ ወንድ በዚህ ጥያቄ ላይ ይህን መልስ ሲሰጥ የተሰማው የመጀመሪያው ይመስለኛል። ጎረምሳው ለሌላ መልስ ነበር የተዘጋጀው። ሰው ሁሉ ዞሮ ዘርአ ዳዊትን ያይ ጀመር። ግጥሙን ይጠብቃል።

ዘርአ ዳዊት ዱላውን ጣለ። ከፈረሱ ወርዶ መጣና ከአባቴ አጠገብ በሌላው ጎን ተቀመጠ። ግንባሩን በጋቢው ጠረገ።

«እኔም ፀሐዩ በዛብኝ» አለ።

ሰማዩ ግን ከጠዋት ጀምሮ ደመና ነበር።